እንግዳ ቤት አያፈርስም

ወንድሜ ቦክሰኛ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች መጀመሪያ ፊቴን ያያሉ፤ ቤት ውስጥም የሚመታኝ ይመስላቸዋል መሰለኝ። እሱ ዝንብ አይገድልም። ጣጣችን ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ግን ወሬን ከጭራው አይጀምሩትም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ ጠጋኙና በቁልፍ ቀራጩ መካከል ተጣብቃ ያለች ናት። ከፊት የስፌት መኪናዬ፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የወንድሜ አልጋ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበርና እኔው አሳደግኩት፤ እህቱም እናቱም ነኝ፣ ሲብስበትም አባቱ። «እታለም» ይለኛል። አንድ ነገር ሲያጠፋ ግን «እታለምዬ» ይላል፤ ያን ጊዜ ምን ሰበረ ብዬ ዙሪያዬን መቃኘት ነው።

የሚጋጠመው በዌልተር ክብደት ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ዌልተር ማለት ከስልሳ ሰባት ኪሎ ጥቂት የጎደለው ነው፤ ግዙፍ ያልሆነ፣ ኮስማናም ያልሆነ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ ቢቀመጥ ልብ የማትሉት ሰው። ወንድሜ ካላስራቡት ሰባ ይገባል። ስለዚህ ግጥሚያ በመጣ ቁጥር ከዝናብ ልብስ ላስቲክ የሰፋሁለትን ቱታ አጥልቆ የጎረቤቱን ፎቅ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ውሃ እንደ መድኃኒት በማንኪያ ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት «እንዴት አደርክ» ማለት ራሱ ጠብ መፈለግ ነው። እኔም እያየኝ መብላት ስለማይሆንልኝ ከመጋረጃው ወዲህ ቁጭ ብዬ፣ የዳቦው ቅርፊት ድምፅ እንዳያሰማብኝ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እጎርሳለሁ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። በአሮጌ ጋራዥ ምድር ቤት ውስጥ የሚያሰለጥን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነበር፤ የፊት ጥርሶቹን ሪንግ ውስጥ ትቷቸው የወጣ። ወንድሜን አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲደባደብ አየውና፣ ገላግሎ ይዞልኝ መጣ። «ይሄን ልጅ ስጪኝ» አለኝ፣ ሚስት እንደሚጠይቅ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው።» ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች በሙሉ አሸነፈ፤ አንዱን እንዲያውም በዝረራ። ከቆመበት የሚያነቃንቀው ስለጠፋ «ግድግዳው» የሚል ስም ወጣለት። እኔ በበኩሌ ስሙ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግድግዳን ሰው ሁሉ ይደገፈዋል፣ የፈለገ ሚስማር ይመታበታል፣ ሌላም ሌላም የሚያደርግበት አለ።

ከዚያ ቀኝ እጁ አንድ ግንባረ ድንጋይ ሰው ላይ ተሰበረ። አሰሩት፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጠምሞ ገጠመ። እጁ እስኪድን ጋሼ ሞተ። ምድር ቤቱም ተመልሶ የጎማ ማከማቻ ሆነ። ወንድሜ ሲመለስ ሌሎች ልጆች ወጥተዋል፣ «ግድግዳው» ሲባል «የቱ ግድግዳ?» የሚል ትውልድ መጥቷል። ቀን ሲጎድል እንዲህ ነው።

እንግዳ መሆን የጀመረው በዚያን ሰሞን ነው። ይህችን ቃል ልንገራችሁ። በእነሱ ሙያ ሪንግ ላይ ሁለት ሰው ሲወጣ አንዱ የቤት ልጅ ነው፤ ሌላው እንግዳ። የቤት ልጁ አጎቱ፣ አክስቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ትኬት ቆርጦ የመጣለት፣ በዘፈን የሚገባ፣ ገና ወደ ላይ የሚወጣ ልጅ ነው። እንግዳው ደግሞ ልጁ የሚያሸንፈው ሰው ነው። ተሸነፍ የሚለው የለም፤ ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም፣ ቢለው ኖሮ እኔ በመቀሴ እገጥመው ነበር። ብቻ እንግዳ ሲጠራ ሁልጊዜ ቀኑ ደርሶ ነው። ልጁ ወራት ሲዘጋጅ የከረመበትን፣ እሱ ከኪሎው ጋር ሲታገል አድሮ ይመጣበታል። ነጥብ የሚሰጡት ዳኞችም ጆሮ አላቸው፤ አዳራሹ ለማን እንደሚጮህ ይሰማሉ።

ግጥሚያዎቹን የሚያዘጋጀው፣ ስሙም ሥራውም «አገናኝ» የሆነ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰውዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ በነጥብ ተሸንፎ ሲወርድ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎሽ፤ እንግዳ ቤት አያፈርስም» አለው። እነሱ ዘንድ ይህ ቀልድም ነው፣ ሕግም ነው። በሳምንቱ ደወለ። ከዚያ በኋላ መደወል አላቆመም።

እንግዳ ቀለም አይመርጥም። የቤት ልጁ ቀይ ካማረው እንግዳው ሰማያዊ፣ ልጁ ሰማያዊ ካማረው እንግዳው ቀይ ይለብሳል። ይህን ሳይ አንድ ቁምጣ በሁለት ፊት ሰፋሁለት፤ በዚህ ቀይ፣ ሲገለበጥ ሰማያዊ። ሌሎቹ እንግዶች አይተው ቀኑባት፣ ለእነሱም ሰፋሁ። ማዕዘን ላይ የሚቆምለት ሰው ስለሌለ ውሃ አቀባዩም እኔው ሆንኩ። ባልዲ፣ በርጩማ፣ ፎጣ፣ ቫዝሊን ይዤ ስገባ በመጀመሪያው ቀን የበሩ ጠባቂ «እናት፣ የተመልካች መግቢያ በዚያ ነው» አለኝ።

«ባልዲ ይዞ የመጣ ተመልካች አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። አሳለፈኝ።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ክፉው መዘረር ነው። የተዘረረ ሰው ሐኪም እስኪፈቅድለት ሪንግ አይረግጥም፤ አገናኙም ሌላ ሰው ጋ ይደውላል። ስለዚህ ወንድሜ የማይዘረር ተሸናፊ ሆነ። ይህም ሙያ ነው፤ ብትስቁም እንደ ፍጥርጥራችሁ። በክርኑ ይቀበላል፣ በትከሻው ያሳልፋል፣ ገመዱ ላይ ተደግፎ ልጁን ያደክማል። ይሸነፋል፣ በማግስቱ ጨርቅ ልገዛ ስሄድ ጥቅሉን ይሸከምልኛል።

ከሳምንቱ በቀሩት ቀናት ደግሞ የልምምድ ተጋጣሚ ነው። አሰልጣኞች ለልጆቻቸው ይጠሩታል፤ ልጆቹ ይለማመዱበታል። የሚወዱት ለአንድ ነገር ነው። በልምምድ መሃል ልጁ ያላሰበው ቡጢ አግኝቶት ጉልበቱ ሲከዳው፣ ወንድሜ አይጨምርለትም፤ ፈጠን ብሎ ይጠጋና እጆቹን በብብቱ ሥር አስገብቶ ይይዘዋል፣ ራሱ እስኪመለስለት ድረስ። «ግድግዳው እጅ ላይ ልጅ ወድቆ አያውቅም» ይላሉ አሰልጣኞቹ። እንዲህ ሲሉት ካሸነፈ ይበልጥ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የሚጠላ ሰው አለ?

ዓመታት በዚህ ሄዱ። ከዚያ ነገሩ መጣ።

ከልጅነቱ ጀምሮ መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር፤ ዓይኑም እጁም ከእኔ ይሻላል። አንድ ቀን ጠዋት ክሩን አሁንም አሁንም ቢሞክር በቀዳዳው ጎን በጎን እየሄደ አስቸገረው። «መርፌሽ ጠቧል» አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቃላቱ መጎተት ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ሲናገር የሰከረ ይመስላል፣ መጠጥ ደግሞ አይቀምስም። አሁን የነገረኝን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ መልሶ ይነግረኛል። አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለስ የሱቄ በር ላይ ቆሞ ጫማ ጠጋኙን «ልብስ ሰፊዋ የት ናት?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁ። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ጫማ ጠጋኙ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ እሱን አስወጥቶ ለእኔ ለብቻዬ «ቦክሱን ዛሬ ቢያቆም ምናልባት ሕመሙ እዚህ ላይ ይቆምለታል። ካላቆመ ግን አንድ ቀን አንቺንም አያውቅሽም» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አላቆላመጠም።

ለመንኩት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፣ ምሳውን ከለከልኩት፤ ለነገሩ ምሳ ሲከለከል ኪሎው ስለሚወርድ ደስ ነው ያለው። በመጨረሻ ከማቆሚያው ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅኩለት። ባለቤቱ «ይምጣ፣ ዱቄት የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። እየሮጥኩ መጥቼ ነገርኩት። ወንድሜ ካልሲውን እያጠበ ነበር።

«አንድ ላሸንፍና እሄዳለሁ» አለኝ።

«አንድ ምን?»

«አንድ ግጥሚያ ብቻ፣ እታለም። እየተሸነፉ መሄድ እኮ መተው አይባልም፣ መባረር ነው። አንድ ላሸንፍ፣ ዳኛው እጄን ያንሳልኝ፣ ከዚያ በበሩ ልውጣ። በማግስቱ ዳቦ ቤት ታገኚኛለሽ። በእናታችን።»

በእናታችን ከማለ አያፈርስም፤ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንዲት ድል ላይ ተንጠለጠለ። ካሸነፈ ወንድሜ ይተርፈኛል፤ ካላሸነፈ በየእሑዱ ግጥሚያ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ያልቅብኛል። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ካሸነፈ ስንት ዘመኑ። ግን ሌላ ምን ነበረኝ? የሰው ልጅ ይመታልኝ ብሎ መጸለይ ኃጢአት ከሆነ፣ እኔ ማሽኔ ላይ ሆኜ ስጸልይ ነው የከረምኩት።

አገናኙ በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደም ብሎ ደወለ። ተጋጣሚው «መብረቁ» የሚሉት ልጅ ነው፤ አባቱ የታወቀ የሴራሚክ ነጋዴ ስለሆነ ግጥሚያው በደንብ ተደግሶበታል። ወንድሜ የመዘጋጃ ጊዜ አገኘ። በጠዋት ይሮጣል፣ በጊዜ ይተኛል፣ ኪሎው ላስቲክ ሳይለብስ በራሱ ወረደ። ንግግሩ እንኳ የተቃናልኝ መሰለኝ። ልቤ ተነሣ። ተስፋ የሚሉት ነገር እኮ እፍረት የለውም፤ ስንት ጊዜ አባረሩት፣ መልሶ በር ያንኳኳል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመር የተሰመረበት ነው፤ ለእንግዳ የተሰጠው መልበሻ ክፍል ደግሞ የኳስና የመረብ ማስቀመጫ ነበር። አገናኙ በበሩ ብቅ አለ።

«ልጁን አታሳፍርብኝ እንግዲህ» አለ እየሳቀ። «እንግዳ ቤት አያፈርስም።»

«ቤቱ ራሱ የላላ ከሆነ እንግዳው ምን ያድርግ?» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ ምላስሽ ሪንግ ቢወጣ የማያሸንፈው የለም» ብሎኝ ሄደ።

ስድስት ዙር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ልጁ ወሰዳቸው፤ ፈጣን ነው፣ ስሙ አልዋሸም። በሦስተኛው ወንድሜ መራመድ ጀመረ። እንደ ድሮው ወደፊት። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ፊቱን እየጠረግኩለት «ምን አየህ?» አልኩት።

«በግራው መትቶ ሲመልሰው ዝቅ ያደርገዋል።»

«አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ፣ እታለም። ጠብቂ።» ቃላቱ ጥርት ያሉ ነበሩ።

በአራተኛው ዙር መሃል ልጁ በግራው መታና እጁን ዝቅ አድርጎ መለሰው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያ ጠማማ ቀኝ እጅ ከላይ ሄዶ አገጩ ላይ ዐረፈ። ከማዕዘኔ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት። የልጁ እጆች ወረዱ፣ ጉልበቶቹ ወዲያና ወዲህ ሄዱ፣ ዓይኖቹ የት እንዳለ እንደማያውቅ ሰው ሆኑ። ወንበር ላይ ቆመው ሲጮሁ የነበሩት አጎቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እንኳን ቡጢ፣ ቢያስነጥሱበት የሚወድቅ ልጅ ነበር።

ማዕዘን ላይ ያለ ሰው መጮህ አይፈቀድለትም። «ጨምርለት» ብዬ ጮህኩ። «ጨምርለት ወንድሜ።»

ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ዳቦ ቤቱን፣ ነጭ ሽርጡን፣ ጠዋት ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወደ ቤት ሲመጣ፣ ሁሉንም በዚያች እርምጃ ውስጥ አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ወንድሜ እጆቹን በልጁ ብብት ሥር አስገብቶ ያዘው። ደረቱ ላይ አስደግፎ ቀጥ አድርጎ ያዘው። የልጁ ጭንቅላት ትከሻው ላይ ዐረፈ። በጓንቱ ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርግለት አየሁ።

ዳኛው ራሱ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመ። «ልቀቅ» አለ። ወንድሜ አልሰማም። «ልቀቅ ተባልክ» አለ ዳኛው ደግሞ፣ በመካከላቸው እየገባ። ሲለቀው ልጁ በሁለት እግሩ ቆመ። ዓይኑ ተመልሷል። አዳራሹ እንደገና ፈነዳ፣ ወዲያው ደወሉ ተደወለ።

በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። «አየሽ? አገኘሁት» አለኝ።

ውሃውን አፉ ላይ ደፋሁለት እንጂ አላጠጣሁትም። «አየሁ። ሂድና ጨርሰው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ሞኝ አልሆነም። ሁለቱን ዙር ዳር ዳሩን እየሸሸ፣ ከሩቅ እየነካካ ጨረሰ፤ የወንድሜ እጆችም ከበዱ። ዳኛው የልጁን እጅ አነሣ።

ኳስ ማስቀመጫዋ ውስጥ ወንድሜ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ ባለበት፣ ልጁ በረዶ በፎጣ ይዞ አገጩ ላይ እንደደገፈ መጣ። ከሪንግ ውጭ ሳየው ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም።

«እትዬ፣ ወንድምዎን ላመሰግን ነበር» አለ። «ሲይዘኝ ጆሮዬ ላይ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹አይዞህ፣ ተንፍስ፣ ይዤሃለሁ› አለኝ። እኔ መውደቂያዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አልኩት። ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ወንድሜ ታጥቦ ሲመለስ አገናኙ ተከትሎት መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከሞት እንደተረፈ ሰው እየሳቀ። «እንግዳ ማለት ይሄ ነው» አለ፣ ወንድሜን አቅፎ። «ሌላው ቢሆን ቤቴን ያፈርሰው ነበር። ለሚመጣው እሑድ አንድ ልጅ አለኝ፣ ትመጣለህ?» ወንድሜ እኔን ሳያይ እመጣለሁ አለው።

አውቶቡሱ ውስጥ ባልዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሱን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። ግንባሩ አብጧል። ደስ ብሎታል። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ጋሼ በሕይወት እያለ ነው።

«ቀርቤ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«በጣም።»

«አንዲት ቡጢ ናት የቀረችኝ።»

«አንዲት» አልኩት። «ታዲያ ለምን ያዝከው?»

«ማንን?»

«ልጁን ነዋ። መትተኸው ሲንገዳገድ ገብተህ ያዝከው እኮ። አንድ ጨምረህለት ቢሆን አልቆ ነበር።»

የምቀልድበት መስሎት አየኝ። ከዚያ ጭኑ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ። ብዙ ቆይቶ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱ ረጋ አለ፤ ሕፃን እንኳ ሊገባው የሚችለውን ነገር የጠየቅኩት ይመስል በትዕግሥት መለሰልኝ።

«ሊወድቅ ነበር እኮ፣ እታለም።»

ወንድሜ ሊያሸንፍ በተቃረበ ቁጥር አንድ ሰው ሊወድቅ ነው፤ ሊወድቅ ያለን ሰው ደግሞ ወንድሜ ይይዘዋል። ያቺ ድል አትመጣም። እኔ ይህን ሳውቅ እሱ ከጎኔ ተስፋው እንደ አዲስ ለምልሞ ተቀምጧል።

«በሚቀጥለው ግን አይቀርልኝም» አለ።

«አይቀርልህም» አልኩት። መስኮቱ ላይ ራሱን አስደግፎ ተኛ፤ መውረጃችን ሲደርስ ቀሰቀስኩትና የት ነው የምንሄደው አለኝ።